ከመሃል ይውጡልኝ

የደወለችልኝ ሙሽራዬ ነበረች። እኛ ሰርግ የምናነሳ ሰዎች አንዴ ያነሳናትን ሴት፣ ሦስት ልጅ ብትወልድም «ሙሽራዬ» እያልን ነው የምንጠራት። ይህቺኛዋ ግን ከተዳረች ገና አምስተኛ ወሯ ነው። አዳማ ያለውን ፎቶ ቤቴን ከፍቼ በረንዳውን ውሃ እየረጨሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። የእሷ ቁጥር መሆኑን ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ደግሞ ስለ አልበሙ ልትነዘንዘኝ ነው» የሚል ነበር። መናገሩ ያሳፍረኛል፤ ግን ያሰብኩት እሱኑ ነው።

«እማዬ ሌሊት አረፈች» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። «እግዜር ያጥናሽ» ማለቴ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ስለዋለ አልረሳውም። «ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከአስከሬኑ ፊት የሚያዝ ፎቶ የለንም። አንቺ ጋ ካልተገኘ የትም የለም። ፊቷ ቀጥ ብሎ የሚታይ አንድ ፎቶ ፈልጊልኝ። አንድ ብቻ።»

«ቀጥ ብሎ የሚታይ» ያለችበትን ምክንያት ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከሌንሱ ነው። ዋይድ የሚሉት፣ ሰፊ ቦታ በአንዴ የሚይዝ ዓይነት ነው፤ ጎኑ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ ስምንት የሚል ቁጥር አለው፤ ገላው ፕላስቲክ፣ ክብደቱ ከአንድ ትልቅ ብርቱካን ብዙም አይበልጥም። ሙያውን ትቶ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ከከፈተ ፎቶ አንሺ ነው ያገለገለውን የገዛሁት። ውድ ከሚባሉት ሌንሶች ጋር እኔ በሱቅ መስታወት ከመተያየት ያለፈ ዝምድና የለኝም። ይኼኛው ብርሃን ይጠማዋል፤ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ አይሆንለትም። ግን አንድ ነገር ይችልበታል። አራት በአራት የሆነች ሳሎን ውስጥ በር ጥግ ቆሜ አርባ ሰው ከነሶፋው፣ ከነቡፌው፣ ከነጣሪያው ያስገባልኛል። ከእሱ በፊት ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ ለማንሳት መስኮት ላይ ስንጠለጠል፣ የሰው ቁም ሳጥን ላይ ስወጣ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ወደድኩት፤ ከመውደዴም የተነሳ ከካሜራዬ ላይ መንቀሉን ተውኩት።

ጠባዩን አላውቅም ነበር አልልም። እንዲህ ያለ ሌንስ መሃል ያለውን ሰው በደህና ይይዘዋል፤ ጫፍ ላይ የቆመውን ግን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ጭንቅላት ይረዝማል፣ ጉንጭ ይሰፋል፣ አንዱ ትከሻ ከሌላው ይበልጣል። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ወንበር ወይም የአበባ ማሰሮ ይቀመጣል፣ ትልልቅ ሰዎች መሃል ይደረጋሉ። ችግሩ፣ እኛ አገር ትልቅ ሰው በገዛ ቤቱ መሃል አይቆምም። መሃሉ የእንግዳ ነው።

የሙሽራዬ እናት ቤታቸው መቂ ነበር። ባላቸው ቀድመው ሞተውባቸው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ በሚሄዱ መኪኖች እያስጫኑ አንዲት ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ደላላው ሁሉ እሳቸውን ይፈራል፤ እሳቸው ደግሞ ካሜራ ይፈሩ ነበር። በሰርጉ ቀን ለቤተሰቡ ፎቶ ሰዉን ስደረድር «እማማ፣ ወደ መሃል ይግቡ» አልኳቸው። «እንግዶቹ ይግቡ፤ ለእኔ እዚህ ይበቃኛል» ብለው በሩ አጠገብ፣ ለወጥ ቤቱ በሚቀርበው ጫፍ ላይ ቆሙ። ደገምኩላቸው። የሙሽራውን አጎት እጅ ይዘው መሃል አስገቡና ተመልሰው ጫፋቸውን ያዙ። ሦስተኛ ጊዜ ስላቸው «ልጄ፣ ኋላ ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ክፉ ነኝ፤ ሰው ሲያዘገየኝ አልወድም። አብረውኝ የሚሠሩት ቪዲዮ ቀራጮች ገና ካሜራዬን ሳወጣ «ዛሬስ ማንን ልትቆጪ ነው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። «እንደፈለጉ» አልኩና አነሳሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ለብቻቸው አንድ ባነሳቸው ምን ነበረበት?

ጉልበት ሲሳምም ያው ነው። ሙሽሪት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ተንበርክካ የእናቷን ጉልበት ትስማለች፤ እናት ትመርቃለች። ቤተሰብ አልበም ሲገልጥ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ፎቶ ነው። ላደምቀው ብዬ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ፤ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ተጠጋሁ። የሙሽሪት ቬሎ ፍሬሙን ሞላው፤ የእናትየው ጉልበት የሰው ጭንቅላት አከለ፤ ፊታቸው ግን ላይኛው ጥግ ላይ ተለጥጦ ቀረ። በካሜራው ትንሽ መስታወት ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ጉዱ የታየው አልበሙ ሲታተም ነው።

እናትየውስ በስልክ ስቀው አለፉት። «ልጄ፣ ፓፓያ አስመሰልሽኝ እኮ» አሉኝ። ሙሽራዬ ግን አልሳቀችም። «ሌላ ፎቶ የላትም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። በስልክ የተነሱት ሁሉ ላይ እጃቸውን ፊታቸው ላይ ጋርደዋል ወይም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነዋል፤ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ደግሞ የልጅነታቸው ነው፣ ማህተሙም አፍንጫቸው ላይ አርፏል። እኔ ጥፋቱን በሌንሱ ላይ አላከክሁና መቂ መጥቼ ለብቻቸው አሳምሬ ላነሳቸው ቃል ገባሁ። ዛሬ ነገ ስል አምስት ወር አለፈ።

እንግዲህ ያን ዕለት ጠዋት በሬን ከውስጥ ዘግቼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የሰርጉ ፎቶ ከሺህ በላይ ነው። ገና ሃርድ ዲስኩን ሰክቼ መክፈት ስጀምር መብራት ሄደ። አዳማ መብራት መሄዱ ወሬ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሆን ብለው ያደረጉብኝ መሰለኝ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፤ ባትሪው አርጅቷል፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። አትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ መቂ ከዘጠኝ በፊት ለመድረስ ከአዳማ ስድስት ሰዓት ላይ መውጣት አለብኝ። ይህን በጣቴ ቆጠርኩና መፈለግ ጀመርኩ።

እናትየው የሌሉበት ሥፍራ የለም፤ የሚታዩበት ግን የለም። አንዱ ላይ ጀርባቸው፣ አንዱ ላይ ክርናቸውና የያዙት ትሪ፣ ሌላው ላይ በሰው ትከሻ መሃል ግማሽ ጉንጫቸው። ፊታቸው ሙሉ የታየባቸው ሁሉ ጫፍ ላይ ናቸው፤ ተጎትተዋል። እያንዳንዱን ባሳለፍኩ ቁጥር ጥፋቴ እየተደረደረ ይመጣብኝ ጀመር።

ከዚያ ተንኮል አሰብኩ። የተለጠጠውን ፊት በፕሮግራም ልጨምቀው አልኩ። ከቤተሰቡ ፎቶ ላይ ቆርጬ ከጎን ጠበብ፣ ከላይ ዝቅ አደረግሁት። ጉንጩ ሲስተካከል ዓይኑ ይጠባል፤ ዓይኑን ስመልስ አፉ ይጣመማል። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንዲት ደህና የሚመስሉ ሴትዮ ወጡ። በቴሌግራም ላክሁላት። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ስልኩን እያየሁ ጥፍሬን ጨረስኩት።

«ይቺ እማዬ አይደለችም» የሚል መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «አክስቴም ማናት ብላ ጠየቀችኝ። እባክሽ»።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የባትሪው ምልክት ቀይ ለብሷል። ለሙሽራዬ ደውዬ «የለም» ለማለት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከሁሉ የከበደኝ ልጅቷ እንደማትቆጣኝ ማወቄ ነው። እንደ እናቷ ናት፤ «ይሁን፣ ምን ይደረጋል» ብላ እኔኑ ታጽናናኝ ነበር።

ያኔ ነው ቆሻሻው ትዝ ያለኝ። የተበላሹ ፎቶዎችን፣ ዓይን የጨፈኑትን፣ ፍላሽ ያልሠራባቸውን፣ ሰው በመሃል ያለፈባቸውን፣ «ቆሻሻ» የምትል ፎልደር ውስጥ እከታለሁ፤ አልበሙን ሳስረክብ ደግሞ ደልቼ፣ ጠራርጌ አጥፍቼ ቦታ አስለቅቃለሁ። የዚህን ሰርግ መደለት አለመደለቴን ማስታወስ አቃተኝ። የደለትኩ ይመስለኝ ነበር። ፎልደሩን ፍለጋ ከአንዱ ሰርግ ወደ ሌላው ስሄድ አንዱ ባዶ ነው፣ ሌላውም ባዶ ነው። የመቂው ግን ነበረ። ስንፍናዬ አተረፈኝ።

መቶ ሃምሳ ያህል ፎቶ ነው። በፍጥነት ገፋሁት፣ ገፋሁት፣ ከዚያ እጄ ቆመ።

እናትየው መሃል ናቸው። በትክክል መሃል፣ ከኋላቸው ሙሽሮቹና እንግዳው ሁሉ ደብዝዞ፣ ከሌንሱ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ቆመው በቀጥታ ወደ እኔ ያያሉ። ነጠላቸው ወደ ትከሻቸው ወርዷል። ፊታቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ግንባራቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር ትታያለች። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ ሊናገሩ ወይም ሊስቁ የጀመሩ ይመስላል። ከታች በኩል ደግሞ ወደ ሌንሱ የዘረጉት ሳህን አለ። ቅርብ ስለሆነ ሌንሱ አግዝፎት ከእሳቸው ትከሻ ይሰፋል።

ፎቶውን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ያቺን ደቂቃ አስታወስኳት። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ቢላውን ይዘዋል፣ ሰዉ ቆሟል፣ እኔ ትክክለኛውን ቅጽበት እየጠበቅሁ ነው። እናትየው ከወጥ ቤት ወጥተው ሰዉን እየከፈሉ በመሃል ወደ እኔ መጡ። «እማማ፣ ከመሃል ይውጡልኝ!» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ጣቴም ከንዴቱ ጋር ተጭኖ ፎቶው ተነሳ። እሳቸው ደንገጥ ብለው «ይቅርታ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም ብዬ ነው። ኮቱ ኛዹ፣ ትንሽ ቅመሺ» አሉኝ። ሌላውን እንግዳ በአማርኛም በኦሮምኛም «ኑ ብሉ» እያሉ ሲጋብዙ እንደዋሉት እኔንም ጋበዙኝ። ሰርግ ቤት ፎቶ አንሺ መብላቱን የሚያስታውስ ሰው ብርቅ ነው፤ እሳቸው ግን በልጃቸው ሰርግ፣ ያ ሁሉ እንግዳ እያለ፣ አይተውኝ ነበር። እኔ «ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ በእጄ ወደ በሩ ጠቆምኳቸው። ወጡ። ኬኩን በደንብ አነሳሁት።

ላፕቶፑ ሊጠፋ ሲል ከደረታቸው በላይ ያለውን ቆርጬ አወጣሁ። ሳህኑን ጣልኩት። የተቆረጠውንም ሙሉውንም ወደ ስልኬ አሳልፌ፣ የተቆረጠውን ለሙሽራዬ ስልክላት የላፕቶፑ ስክሪን ጠፋ። መልሷ በድምፅ መጣ፤ ለረጅም ጊዜ ልቅሶ ብቻ ነው የሚሰማው፣ መጨረሻው ላይ «እሷ ናት» አለች።

የእኔ ማተሚያ ያለ መብራት ተራ ዕቃ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ጄኔሬተር ያለው አንድ ቤት አለ፤ እየሮጥኩ ሄድኩ። ባለቤቱ መጥቶ የከፈተው አምስት ሰዓት አልፎ ነው፤ ወዲያው የአንድ ድርጅት በራሪ ወረቀት ማተም ጀመረ። «ተራ ጠብቂ» አለኝ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ መልሼ ተቆጣሁ፤ በመጨረሻ ፎቶውን ሳሳየውና ለምን እንደሆነ ስነግረው የሚያትመውን አቁሞ የእኔን አስገባ። ፍሬሙን ራሱ ከግድግዳው ላይ አወረደልኝ፤ ጥቁር ሪባኑን ጥግ ላይ የለጠፈልኝም እሱ ነው። ከአዳማ ስወጣ ስድስት ሰዓት ከሩብ አልፏል።

ሚኒባስ ውስጥ ፍሬሙን ጉልበቴ ላይ በፊቱ ደፍቼ ያዝኩት። መስታወቱን ልጠብቅ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ እሳቸው እንዲያዩኝ ስላልፈለግሁ ነው። ሞጆ ላይ መኪናው ሰው እስኪሞላ ቆመ። ቆቃን አልፈን ዓለም ጤና አካባቢ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መንገዱ ላይ ተበላሽቶ ሰልፍ ሠራን። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ስምንት ሰዓት። ሙሽራዬ ደወለች፣ «የት ደረስሽ?» አለች፤ ነገርኳት። «ቄሶቹ አንጠብቅም እያሉ ነው» አለችኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ፍሬሙን ቀና አድርገው አዩና «እናትሽ ናቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አይደሉም ማለቴ ነው። አላመኑኝም፤ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉኝ። ልክ እንደሞተባት ሰው አለቀስኩ።

መቂ ስደርስ ለዘጠኝ አሥራ አምስት ጉዳይ ነው። ከአስፋልቱ እስከ ቤታቸው ሮጥኩ። አስከሬኑ ከግቢ ወጥቷል፤ ጃንጥላው ከሩቅ ይታየኛል። ሙሽራዬ ጥቁር ለብሳ ከሰልፉ ቀድማ መንገዱ መሃል ቆማለች፤ የሚጎትቷትን ዘመዶች እየገፋች ወደ እኔ አቅጣጫ ታያለች። ፍሬሙን ስሰጣት አላመሰገነችኝም፣ እኔንም አላየችኝም። ደረቷ ላይ አድርጋ ዞረችና ከአስከሬኑ ፊት መራመድ ጀመረች።

ለቀስተኛው ፎቶውን ሲያይ እንደ አዲስ አለቀሰ። «ልትናገር እኮ ነው» ይላል አንዱ። «ንገሪን፣ ምን ልትይን ነበር?» እያሉ አክስቲቱ ደረታቸውን ይመታሉ። ምን እያሉ እንደነበር ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ቶሎ ሹልክ ብዬ ልሄድ ነበር ሐሳቤ። ሙሽራዬ መጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ድምፅዋ ተዘግቷል። ፎቶው ፊት ለፊታችን ጠረጴዛ ላይ፣ ከሻማው አጠገብ ቆሟል።

«አንቺን እኮ ነው የምታየው» አለችኝ። «ምን እያለችሽ ነው?»

«እንኳን ደስ አለን» እያሉኝ ነበር ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ብላት ደስ ይላት ነበር፣ የሚያጋልጠኝም የለም። ግን ፊታቸው እዚያው ነው፤ እሳቸው እያዩኝ መዋሸት አቃተኝ። ስልኬን አውጥቼ ሙሉውን ፎቶ አሳየኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ኬኩን፣ የጮኽኩትን፣ እሳቸው ያሉኝን፣ ወደ በሩ የጠቆምኩትን።

በሁለት ጣቷ ፎቶውን አጉልታ ሳህኑን ታየው ጀመር። ዶሮ ወጥ ነው፤ ሁለት እንቁላል አለበት። ሰርግ ቤት ለአንድ ሰው ሁለት እንቁላል አይደርስም።

«ታዲያ በላሽ?» አለችኝ።

«አልበላሁም።»

ስልኩን መለሰችልኝ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎቶ እያየች፣ «ለአርባዋ ሙሉውን አሳጥበሽ አምጪልኝ» አለች፤ «ከነሳህኑ።»